የጥራት ደረጃ ሰነድን ክፍሎች በስማቸው እንወቅ
(በማህበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት በርበሬና ሽሯችንን የሚወስደው ገዢ ውሉን ከማደሱ በፊት አሠራራችን ከአይኤስኦ 9001 ጋር መጣጣሙን ማየት ይፈልጋል። የላከው ባለሙያ መጋዘናችንን አይቶ በሰጠን ወረቀት ላይ «7.1.5» እና «8.4» የሚሉ ቁጥሮች ሰፍረዋል። ወረቀቱ ሲነበብ ብዙዎቻችን «ወደቅን ማለት ነው?» ብለን ደነገጥን። በሌላ በኩል አንድ አማካሪ «የሁሉንም ክፍል ሰነድ እንጽፍላችኋለን» ብሎ ዋጋ አቅርቧል። ገንዘቡ የሚወጣው ከቁጠባችን ስለሆነ፣ እጅ ከማውጣታችን በፊት ቃላቱን አብረን እንያቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሰነዶቹ። አይኤስኦ መቀመጫው ጄኔቫ የሆነ ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ነው። ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም የምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ ያንን የሚሠሩት ሌሎች ተቋማት ናቸው። 9000 የቃላቱን ትርጉም ይሰጣል። 9001 ግዴታዎቹን ይዘረዝራል። 9004 ከዚያ አልፎ መሄድ ለሚፈልግ ምክር ይለግሳል። የምስክር ወረቀት የሚሰጠው በ9001 ነው። ስለዚህ ማንም ከ9004 ጠቅሶ «ይህን ካላደረጋችሁ» ቢለን፣ ምክር እንጂ ግዴታ አለመሆኑን እንወቅ።

ሁለተኛ ስለ አከፋፈሉ። በሕገ መንግሥታችን የሴቶች መብት በአንቀጽ 35 ተጽፏል፤ ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብታችን ደግሞ በንዑስ አንቀጽ 7። 9001ም እንዲሁ ነው፤ 8 አንቀጽ ነው፣ 8.4 ንዑስ አንቀጽ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) እትም 10 አንቀጾች አሉ። ከ1 እስከ 3 ያሉት ስለ ሰነዱ ወሰን፣ ስለ ማጣቀሻና ስለ ቃላት ስለሆኑ የሚጠይቁን ሥራ የለም። ግዴታዎቹ ከ4 እስከ 10 ናቸው፦ የድርጅቱ ሁኔታ፣ አመራር፣ ዕቅድ፣ ድጋፍ፣ የሥራ ክንውን፣ የአፈጻጸም ግምገማና ማሻሻል።

ቁጥር ሲጠቀስ የእትሙም ዓመት ይጠቀስ። የ1994ቱ እትም ግዴታዎቹን በ20 ርዕሶች ከፍሎ ስለነበር በዚያ የሠለጠኑ ሰዎች አሁንም በድሮው ቁጥር ይናገራሉ። የግዢ ጉዳይ ያኔ 4.6 ነበር፤ በ2015ቱ 8.4 ሆኗል። ዓመቱ ካልተነገረ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ እያወሩ ላይግባቡ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ዋናው ነገር ማሰሪያ አንቀጹ ነው። እንግሊዝኛው አራት ቃላትን ለይቶ ይጠቀማል፦ አንዱ ግዴታ፣ አንዱ ምክር፣ አንዱ ፈቃድ፣ አንዱ ደግሞ መሆን መቻልን ያመለክታል። በእኛ ቋንቋ «ይገባል» ስንል ለግዴታም ለምክርም ይሆናል፤ «ይችላል»ም ለፈቃድም ለአቅምም ያገለግላል። ስለዚህ በትርጉማችን ለግዴታ «አለበት»፣ ለምክር «ቢሆን ይመረጣል»፣ ለፈቃድ «ተፈቅዷል»፣ ለመሆን መቻል «ይችላል» እንድንል እንጠይቃለን። ከአንቀጽ በታች «ማስታወሻ» ተብሎ የሚጻፈው ማብራሪያ ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት አባሪዎችም እንዲሁ ለመረጃ የተቀመጡ ናቸው። በእነዚህ ብቻ ጉድለት ሊያዝብን አይገባም።

አራተኛ፣ «የተመዘገበ መረጃ» የሚለው ቃል። የ2015ቱ እትም ቀድሞ «ሰነድ» እና «መዝገብ» ይባሉ የነበሩትን በዚህ አንድ ስም ጠቅልሏቸዋል። ልዩነቱ ግን አልጠፋም። የክፍያ መመሪያችን አሠራር ሲለወጥ ይታደሳል፤ ደረሰኝ ግን አንዴ ከተቆረጠ በኋላ አይነካም፣ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ወቅታዊ ሆኖ የሚያዝ ነው፤ ሁለተኛው ተጠብቆ የሚቆይ ነው። የበርበሬ አዘገጃጀታችን እንደ መመሪያው፣ በየዕለቱ የምንጽፈው ሚዛን እንደ ደረሰኙ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። 7.1.5 ስለ መለኪያ መሣሪያዎች ነው፤ ሚዛኖቻችን ትክክል ስለመሆናቸው ማስረጃ አላሳየንም ማለት ነው። 8.4 ከውጭ ስለምንገዛው ነገር ነው፤ በርበሬና ሽንብራ የሚያቀርቡልንን ነጋዴዎች በምን መስፈርት እንደምንመርጥና እንደምንከታተል በጽሑፍ የለንም። መጥፎ በርበሬ አምጥቶ የተመለሰበትን ነጋዴ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን የትም አልተጻፈም። ሁለቱም የሚሞሉ ጉድለቶች ናቸው። ጉድለት ሲገኝ ምክንያቱን ፈልጎ ማረም ራሱ በ10.2 የተጻፈ ሥራ ስለሆነ «ወድቃችኋል» ማለት አይደለም።

የአማካሪውን የዋጋ ዝርዝርም አይተነዋል። ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ «የጥራት ማኑዋል» ለማዘጋጀትና «የአመራር ተወካይ» የሚባል ሰው ለማሠልጠን የተያዘ ነው። በ2008ቱ እትም ሁለቱም ግዴታ ነበሩ። በ2015ቱ ግን በግዴታነት አልተቀመጡም። ማኑዋል ይጠቅመናል ካልን እንጽፋለን፤ ግዴታ ነው ተብለን ግን ልንከፍልበት አይገባም።

ስለዚህ ለጉባዔው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሚዛኖቹ እንዲፈተሹና ማስረጃቸው በፋይል እንዲቀመጥ። ሁለተኛ፣ የግዢ ኮሚቴው ለእያንዳንዱ አቅራቢ አንድ ገጽ መዝገብ እንዲከፍት። ሦስተኛ፣ አማካሪው ዋጋውን በንዑስ አንቀጽ ለያይቶ፣ የትኛው «አለበት» እንደሚል አሳይቶ እንደገና እንዲያቀርብ። እስከዚያ ከቁጠባው ምንም እንዳይወጣ። ደጋፊዎቻችንም ልትረዱን ብትፈልጉ ከማኑዋሉ ይልቅ ለሚዛኑ ፍተሻና ለመዝገብ አያያዝ ሥልጠና ብታውሉት ይሻለናል።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ ወረቀቱ በሒሳብ ክፍል ለማንኛዋም አባል ክፍት ነው።