የተላከ ሰው ለላኪው ይናገራል

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ እንድናገር ሲጋብዘኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ስለተወልኝ፣ ዘወትር ከተሳፋሪዎቼ ጋር የማወራበትን ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ። ይኸውም የገጠር ሕዝብ መርጦ የላከው የምክር ቤት አባል፣ ምን እንደሠራ ለላከው ሕዝብ የሚያስረዳበት ሥርዓት ነው። «የፖለቲካ ነገር ለበዓል ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። የመጣሁት ማንንም ፓርቲ ለማወደስ ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ጉዳዩ የራሳችንን ቤት ስለሚነካ ነው።

እንደሚታወቀው የምንኖርበት ሳውዝ ዳኮታ ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ ያለው ስቴት ነው። በእ.ኤ.አ. 2020 የሕዝብ ቆጠራ 886,667 ሰው ተቆጥሮበታል። ከእኛ ከተማ ከሱ ፎልስ ተነስቶ ወደ ዋና ከተማው የሚጓዝ ሰው 225 ማይል ያህል ይነዳል። የከተማይቱ ስም ሲጻፍ «ፒየር» ቢመስልም የአገሩ ሰው «ፒር» ነው የሚላት። 14,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ስትሆን የስቴቱ ሕግ የሚወጣው ግን እዚያ ነው።

ስቴቱ በ35 የምርጫ ወረዳዎች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልና ሁለት እንደራሴዎች ይልካል። ከእነዚህ ወረዳዎች ሁለቱ፣ ማለትም 26ኛውና 28ኛው፣ የአገሬው ተወላጅ የሆኑት ሕንዶች የራሳቸውን ሰው መምረጥ እንዲችሉ ለእንደራሴዎች ምርጫ እንደገና ለሁለት ተከፍለዋል። ስለዚህ ጠቅላላ ተመራጮቹ 105 ናቸው ማለት ነው። የሥራ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ጉባኤው በጃንዋሪ ይከፈትና ከ40 የሥራ ቀን በላይ አይቆይም። ከዚያ በኋላ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ከብት አርቢው ወደ በረቱ፣ ነጋዴው ወደ ሱቁ ይመለሳል። የሙሉ ጊዜ ፖለቲከኛ ለመሆን የሚያበቃ ደመወዝም የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጉባኤው በሚካሄድባቸው የክረምት ሳምንታት ብዙዎቹ ተመራጮች ዓርብ ማታ በበረዶ ላይ ነድተው ወደየወረዳቸው ይገባሉ። ቅዳሜ ጧት በአንድ አዳራሽ ወይም ትምህርት ቤት ሕዝቡ ፊት ይቀመጣሉ። ይህን ስብሰባ «ክራከር ባረል» ይሉታል። ስሙ የመጣው በድሮ ጊዜ በገጠር ሱቅ ውስጥ ይቀመጥ ከነበረው የብስኩት በርሜል ነው። ገበሬዎች ሊገበዩ ሲመጡ በርሜሉን ከበው ስለ ዝናቡም፣ ስለ እህሉ ዋጋም፣ ስለ መንግሥትም ያወሩ ነበር። በእኛ አገር ቡና ተፈልቶ እንደሚወራው መሆኑ ነው። ዛሬ በርሜሉ የለም፤ ቡናውና ጥያቄው ግን አለ።

ተመራጩ ተነስቶ በሳምንቱ ውስጥ የትኛው ረቂቅ እንደ ቀረበ፣ የትኛው እንደ ወደቀ፣ እሱ ራሱ ለየትኛው ድምፁን እንደ ሰጠ ይናገራል። ለገጠር ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጠው ድጎማ፣ ስለ ድልድይ ጥገና፣ ስለ መሬትና ቤት ግብር፣ ሐኪም ስለማይገኝባቸው ከተሞች ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ይጠይቃል። ጥያቄውን የሚያድበሰብስ ተመራጭ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ጠያቂ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

የዚህ ስቴት ደንብ ሌላም መልካም ነገር አለው። የቀረበ ረቂቅ ሕግ ሁሉ በኮሚቴ ፊት መሰማት አለበት፤ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ አይቀርም። ማንኛውም ሰው ፒር ድረስ ሄዶ ደግፌያለሁ ወይም ተቃውሜያለሁ ብሎ ቃሉን መስጠት ይችላል። እንዲሁም ሕዝብ በፊርማ ሕግ የሚያመነጭበትንና ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ወደ ሕዝብ ድምፅ የሚያመጣበትን ሥርዓት በስቴት ደረጃ ከአሜሪካ ሁሉ በፊት በእ.ኤ.አ. 1898 የተቀበለው ይኸው ስቴት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አለመሆኑን በቅርቡ አይተናል። አንድ ኩባንያ በአምስት ስቴቶች ካሉ የኤታኖል ፋብሪካዎች የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቧንቧ ወስዶ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ከመሬት በታች ለመቅበር ዕቅድ ነበረው። ቧንቧው በብዙ ገበሬዎች ማሳ ሥር ማለፍ ነበረበት። ፋብሪካዎቹ የገበሬውን በቆሎ ስለሚገዙ ዕቅዱን የደገፉ ገበሬዎችም ነበሩ። ሌሎቹ ግን «መሬታችን ያለ ፈቃዳችን አይነካም» አሉ። በእ.ኤ.አ. 2024 ምክር ቤቱ በቧንቧው ጉዳይ የአካባቢ አስተዳደሮችን ሥልጣን የሚያጠብ ሕግ አወጣ። የሕጉ ደጋፊዎች ለባለ መሬቶች ጥበቃ የሚሰጥ ነው ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ለኩባንያው በር የሚከፍት ነው አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ተቃዋሚዎቹ ሕጉ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ፊርማ አሰባሰቡ። የሚያስፈልገው 17,508 ፊርማ ሲሆን እነሱ ከ31,000 በላይ ይዘው ቀረቡ። በዚያው ዓመት ጁን በተደረገው የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ከአሥር የሚበልጡ ነባር የምክር ቤት አባላት ወንበራቸውን አጡ፤ ለዚህም የቧንቧው ጉዳይ አንዱ ትልቅ ምክንያት ነበር። በኖቬምበር ሕዝቡ ሕጉን በ59 በመቶ ያህል ድምፅ ጣለው። አዲሱ ምክር ቤት በተሰበሰበ ጊዜ ለካርቦን ቧንቧ ሲባል የሰውን መሬት በግዳጅ መውሰድን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዢውም በማርች 2025 ፈረመበት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው ተረታችን እዚህም ሠርቷል። እኔ ቧንቧው ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ለማለት አይደለም። ማለት የፈለግሁት፣ እነዚያ ገበሬዎች ያሸነፉት በየቅዳሜው ሲጠይቁ ስለነበርና የእያንዳንዱን ተመራጭ ድምፅ በስም ስለሚያውቁ ነው።

በእኛ አገርስ እንዴት ነበር? በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መረጠ። ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የአዲስ አበባን ድምፅ አግኝተው ገቡ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ እጩ ተወዳዳሪው በወረዳው ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠየቅ ነበር፤ የሕግ መወሰኛው አባላትም በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። ጭሰኛው ድምፁን ሰጥቶ የሚልከው ብዙ ጊዜ ባለ መሬቱን ነበር። በመሆኑም የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክለው ረቂቅ ሕግ በተደጋጋሚ ቢቀርብም እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው የወጡት በዚሁ ጉዳይ ነው። የገጠሩ ሰው እንደራሴውን «ለዚህ ረቂቅ እጅህን አውጥተሃል ወይስ አላወጣህም?» ብሎ የሚጠይቅበት ቅዳሜ አልነበረውም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ድንጋጌው መልካም ነው። ነገር ግን እኔ ባደግሁበት ወረዳ ተመራጩ የሚታየው ምርጫ ሲደርስ ነበር፤ በፓርላማ ስለ ሠራው የሚሰማ ሰው አላውቅም። ምን እንደሠራ የማይታወቅን ሰው በምን ሚዛን መዝኖ ማንሳት ይቻላል?

እኔ በሙያዬ አንድ ነገር አውቃለሁ። የታክሲ ሜትር የሚቀመጠው ተሳፋሪው በሚያየው ቦታ ነው። ሾፌሩ ሐቀኛ ቢሆንም ሜትሩ አይሸፈንም። የተመራጭ ሪፖርትም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ከተመራጭ ደብዳቤ ሲደርሰን ወይም ንግግሩን ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ በስሙ ያቀረበው ረቂቅ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በሌሎች ረቂቆች ላይ ድምፁን እንዴት ሰጠ? ሦስተኛ፣ «ለወረዳዬ አመጣሁ» የሚለው ገንዘብ ከየት መጣ፣ ማንስ ዘንድ ደረሰ? ሪፖርቱ ፎቶግራፍና ምስጋና ብቻ ከሆነ ሜትሩ ተሸፍኗል ማለት ነው።

ውድ ወገኖቼ፤ አሁን ወደ እኛ ልመለስ። አንድ የምርጫ ወረዳ በአማካይ 25,300 ያህል ሰው አለው። ይህ ቁጥር መራጮችን ብቻ የያዘ አይደለም። ዜግነት ያላገኘውም፣ ትናንት የገባውም፣ ገና የሚጠባውም ሕፃን ተቆጥሮበታል። ወረዳው የተሰመረው እኛንም ቆጥሮ ነው። ቅዳሜ ጧት ግን ወንበሩ ላይ የለንም። በእርግጥ ምክንያት አለን፤ ከፊሎቻችን ከሌሊት ሥራ የምንወጣበት ሰዓት ነው፣ ቋንቋውም ያስፈራል። ሆኖም እዚያ የሚነገረው የእኛ ጉዳይ ነው። እህቶቻችን ሌሊቱን የሚያድሩባቸው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የሚቆሙት ወይም የሚዘጉት በአመዛኙ ስቴቱ በሚወስነው ክፍያ ነው። እኛ ሾፌሮች ሜዲኬይድ የተፈቀደልን በእ.ኤ.አ. 2022 ሕዝብ ድምፅ ስለ ሰጠ ነው። የሽያጭ ግብሩም በ2023 ከ4.5 ወደ 4.2 በመቶ ሲወርድ ከአስቤዛችን ላይ ነው የወረደው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ያልጠየቀ ሰው ሪፖርት አይደርሰውም።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ጉባኤው በሚከፈትበት በሚመጣው ጃንዋሪ ማኅበራችን በየቅዳሜው አምስት አባላትን በተራ እንዲልክ ነው። እንግሊዝኛ የተማሩ ልጆቻችን ያስተረጉሙ፣ የተባለውም በአማርኛ ተጽፎ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መጓጓዣውን እኔና የሥራ ባልደረቦቼ እንችላለን፤ ሜትር አናበራም።

ሁለተኛው፣ ይህ ከሌላ የምንጠብቀው ብቻ እንዳይሆን ነው። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያቀርበውን ሪፖርት በየሦስት ወሩ ያድርገው፤ የዕድሩን ገቢና ወጪ፣ የተወሰነውንና የቀረውንም ያካትት። ይህን የምለው ኮሚቴውን ጠርጥሬ አይደለም። ለአሥር ዓመት ያለ ክፍያ ደክመው ለዚህ ላደረሱን ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ነገር ግን የሚጠየቅ ኮሚቴ የሚታመን ኮሚቴ ነው፤ ሪፖርት መስማት የለመደ አባልም ቅዳሜ ጧት ተመራጭ ፊት ተነስቶ ለመጠየቅ አይፈራም።

በሚቀጥለው ዓመት በዓላችን ላይ ስንገናኝ፣ ከመካከላችን ስንቱ እንደ ሄደና ምን ብሎ እንደ ጠየቀ ቆጥረን እንነጋገር።