የጎረቤት ሞገድ፦ ዲጂታል ሬዲዮ፣ የድምፅ ጥራትና የአነስተኛ ጣቢያዎች ዕጣ

(በባልድዊን ሂልስ ለተሰበሰቡ የማኅበረሰብ አባላት የቀረበ ንግግር)



አባቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ሲፈልጉ፣ ከዜናው ጩኸቱ የሚበልጥባቸው ምሽቶች ነበሩ። በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መንግሥታቸው ያንኑ ስርጭት ለማፈን አቅም ሲገነባ መቆየቱን በግልጽ ተናግረዋል። ዛሬ የማነሣው መጠላለፍ ግን የአፈና ሳይሆን የፈቃድ ውጤት ነው።

የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን ሰፈራችንን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመበት በዚያው በ2002፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኤችዲ ሬዲዮ የተባለውን ሥርዓት መረጠ። አውሮፓውያን ለዲጂታል ሬዲዮ የተለየ የሞገድ ክልል ሲመድቡ፣ እዚህ ግን በነባሮቹ ጣቢያዎች ላይ እንዲደረብ ተደረገ። የአንድ ኤፍኤም ጣቢያ ድርሻ 200 ኪሎኸርዝ ነው፤ ከመካከሉ በግራ 100፣ በቀኝ 100። ዲጂታሉ ምልክት የሚያርፈው ደግሞ ከመካከሉ ከ129 እስከ 198 ኪሎኸርዝ ርቆ ነው፤ ማለትም ጎረቤት ግቢ ውስጥ።

መጀመሪያ የተፈቀደው ኃይል ከአናሎጉ 1 በመቶ ነበር። በጥር 2010 ወደ 4 በመቶ፣ በተወሰኑ ሁኔታዎችም እስከ 10 በመቶ ከፍ አለ። አሥር በመቶ ጥቂት ይመስላል። የ50 ሺህ ዋት ጣቢያ አሥር በመቶ ግን 5 ሺህ ዋት ነው፤ እንደኛ ላለ ማኅበረሰብ በ2000 የተፈቀደው አነስተኛ ኤፍኤም ጣቢያ ጣሪያው 100 ዋት ብቻ ነው። ከትልልቆቹ ለሚደርስበት መጠላለፍም በቂ የሕግ ከለላ የለውም። በኤኤም ነገሩ ይብሳል፤ ሌሊት ሞገዱ ሩቅ ስለሚጓዝ ሽሽታው ሌላ ከተማ ያለውን አድማጭ ያውካል።

ስለ ጥራቱ የሚነገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ በጥሩ መቀበያ ዲጂታሉ ጥርት ያለ ነው። ሆኖም ጣቢያው ያለው በሰከንድ ወደ 96 ኪሎቢት ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ንዑስ ቻናል ሲከፈት ያው አቅም ይከፋፈላል፣ ድምፁም ይሳሳል። «አማርኛውን በንዑስ ቻናል አሰሙ» ለሚሉን ሌላም መልስ አለኝ፦ ዋናው ፕሮግራም ዲጂታሉ ሲጠፋ ወደ አናሎግ ይመለሳል፤ ንዑስ ቻናሉ ግን መመለሻ የለውም፣ ጭጭ ይላል። ከማውንት ዊልሰን የሚመጣ ሞገድ በኮረብታ ጥላ ሥር ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው።

ዲጂታል ሬዲዮን አልቃወምም። ጎረቤት ባለበት ወገን ኃይሉን ዝቅ፣ በሌላው ወገን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ኮሚሽኑም በ2024 ለዚህ በሩን ከፍቷል። የምንጠይቀው፣ ኃይል የሚጨምረው ጣቢያ አስቀድሞ በራሱ ወጪ በሰፈራችን እንዲለካ፣ የአነስተኛ ጣቢያ አድማጭ አቤቱታም እንደ ማንኛውም አድማጭ እንዲታይ ነው።

ስለዚህ ሽሽታ ስትሰሙ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጣቢያውን ቁጥርና የቆማችሁበትን መንገድ ጻፉልን። በመኪና ይሁን በቤት ሬዲዮ የሰማችሁትም አይዘለል። ቅጹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።