የእንግዳ ልብ ጥበቃ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው የሰውን ልብ አውጥቶ የሌላውን ስለ መትከል ነው። የምንናገረውም ስለ ኦፕራሲዮኑ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ፈተና ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዲሴምበር 3 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕ ታውን፥ በግሩት ስኩር ሆስፒታል፥ ለሚስተር ሉዊስ ዋሽካንስኪ ልብ ተከሉ። ዓለም ተደነቀ። በሽተኛው ግን በ18ኛው ቀን በሳንባ ምች ዐረፉ። ሐኪሞቹ በራጅ የታየውን የሳንባ ጥላ ሰውነታቸው አዲሱን ልብ መግፋቱ ነው ብለው ስለ ገመቱ፥ የመከላከያ ኃይልን የሚያደክመውን መድኃኒት ጨምረውላቸው ነበር።

የነገሩ ጭንቅ ይህ ነው። ነጩ የደም ሕዋስ እንግዳው ልብ ለርዳታ መምጣቱን አያውቅም፤ እንደ ጀርም ቈጥሮ ይወጋዋል። መድኃኒቱ ሲያንስ ልቡ ይጎዳል፤ ሲበዛ ደግሞ ለጀርም በር ይከፈታል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እዚህ ግን የሚደብቀው ሰውየው ሳይሆን ሰውነቱ ነው። ድካም፥ የትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት እስኪታዩ ቢጠበቅ ጉዳቱ ምናልባት ገፍቶ ይገኛል።

በ1968 ዓ.ም. ብዙ ሆስፒታሎች ልብ ለመትከል ተሽቀዳደሙ፤ በሽተኞቻቸው ቶሎ ቶሎ ስለ ሞቱባቸው ግን አብዛኞቹ ተዉት። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኖርማን ሻምዌይ ሥራቸውን ቀጠሉ። ባልደረባቸው ዶክተር ፊሊፕ ኬቭስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ ጫፉ መንጋጋ ያለው ቀጭን መሣሪያ በአንገት ደም ሥር ወደ ልብ እያስገቡ ጥቃቅን ሥጋ መቈንጠርን አስለመዱ። ቍራጩ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ነጭ ሕዋሳት ወደ ጡንቻው ገብተው ጎድተውት እንደ ሆነ ይመረመራል። ዛሬ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጠዋል። ቀላሉ ብዙ ጊዜ በክትትል ይታለፋል፤ ለከበደው ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ስቴሮይድ ለ3 ቀን ይሰጣል። ልቡን የሚወጋው በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን የደሙን ፕላዝማ መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከ1980 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በስታንፎርድ ከፈንገስ የተገኘው ሳይክሎስፖሪን ለልብ ተካዮች ተጨመረ፤ ዕድሜያቸውም ረዘመ። ዛሬ በደም ውስጥ የሚገኘውን የለጋሹን ዲ.ኤን.ኤ. በመለካት፥ ለአንዳንዶቹ ሥጋ መቈንጠሩን መቀነስ ተችሏል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እኛ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሳይለዩ ማከም በጎ ፈቃድን ወደ ጉዳት ይለውጣል። ስለዚህ ኦፕራሲዮን ያደረገውን ስናመሰግን፥ በማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ የመረመረውንም አንርሳ።