ከፎርማት በፊት፦ የግራፊክስ ድራይቨር ችግር በመተማ ቆላ



በመተማ ዮሐንስና በገላባት መካከል በሚደረገው ንግድ፥ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሻጭና ዓረብኛ ብቻ የሚያውቅ ገዥ ሲገናኙ ሁለቱንም የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው በመካከላቸው ይቆማል። ሰሊጡም ገንዘቡም ቢኖር አስተርጓሚው ከሌለ ነገሩ በእጅ ምልክት ይቀራል። በኮምፒዩተር ውስጥም በዊንዶውስና በግራፊክስ ካርዱ መካከል ቆሞ የሚያግባባው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ አይሞትም፤ ዊንዶውስ «ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በተባለው በራሱ የእጅ ምልክት ምስሉን ያሳያል። ነገር ግን ጽሑፉ ይገዝፋል፤ ቪዲዮው ይቆራረጣል፤ በላፕቶፕ ላይ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ አይቻልም፤ መምህሩ ፕሮጀክተር ቢሰካም ሁለተኛው ምስል አይወጣም። ባለቤቱም ኮምፒዩተሩን ታቅፎ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል።

ይህ ችግር በአዲስ አበባ ቢደርስ ከግማሽ ቀን በላይ ላያቆይ ይችላል። መስመር ካለ ዊንዶውስ ካርዱን ለይቶ ተስማሚውን ድራይቨር ብዙ ጊዜ ራሱ ያወርዳልና። የአምራቾቹ መመሪያዎችም የተጻፉት በዚሁ ግምት ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን ግምቱ ሁልጊዜ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ለወራት የቆየው የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ይህንን በሚገባ አሳይቷል። መስመሩ በሚኖርበት ጊዜም ቢሆን አንድ አዲስ የኤንቪዲያ ድራይቨር ከ500 ሜጋባይት ይበልጣል፤ ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ያውም በመጀመሪያ የወረደው የተሳሳተው ከሆነ ወጪው እጥፍ ነው። ጎንደር ሄዶ በፍላሽ ለማምጣት ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝን ይጠይቃል።

በጥገናው ሙያ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። ኮምፒዩተሩ ዘገየ ሲባል ፎርማት፤ ቫይረስ ያዘው ሲባል ፎርማት፤ ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ ሲባልም ፎርማት። መስመር ባለበት ከተማ የዚህ ልማድ ጉዳት ጎልቶ አይታይም፤ የጠፋው ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይወርዳልና። በመተማ ግን ዲስኩ ላይ ያለው የድራይቨር ቅጂ በአካባቢው የሚገኘው ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ ፎርማቱም ያንን ይደመስሳል። የዋይፋዩ ድራይቨር አብሮ ሲጠፋ የጠፋውን ለማምጣት የሚያገለግለው መንገድ ራሱ ተዘጋ ማለት ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት የዘገየ ኮምፒዩተር ይዞ ሄዶ ማታ የዘገየና የገዘፈ ስክሪን ይዞ ተመለሰ። በዚህ ላይ «ካርዱ ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ ከተጨመረበት፥ ላልተቃጠለ ካርድ ሲል ሰሊጥ የሸጠበትን ገንዘብ ይዞ ወደ ጎንደር ይሳፈራል።

ስለዚህ በዚህ ምድረ ቆላ የሥራው ቅደም ተከተል መለወጥ አለበት፤ ይኸውም ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ያለውን ማውጣት ነው። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 «ፒኤንፒ ዩቲል» የተባለ የትእዛዝ መሣሪያ በውስጣቸው ይዘዋል። በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ላይ «ኤክስፖርት ድራይቨር» የሚለው ትእዛዝ ከኮከብ ምልክትና ከመድረሻው ፎልደር ስም ጋር ሲሰጠው፥ ከአምራቾች የመጡትን ድራይቨሮች ሁሉ በፍላሽ ላይ ይገለብጣል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ «አድ ድራይቨር» በሚለው ትእዛዝ መልሶ ማስገባት ይቻላል። ኮምፒዩተሩ ጨርሶ የማይነሣ እንኳ ቢሆን ተስፋ አይቆረጥም፤ ዲስኩ ተፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ፥ በዊንዶውስ ፎልደር፥ ከዚያም በሲስተም 32፥ ከዚያም በድራይቨር ስቶር ሥር «ፋይል ሪፖዚቶሪ» የሚባለውን ፎልደር ገልብጦ ማስቀመጥ ይበቃል። ጥቂት ጊጋባይት ይይዛል፤ ቢሆንም ከመንገዱ ይቀላል።

ፎርማቱ አስቀድሞ ከተፈጸመ ግን የሚቀረው ፍለጋ ነው፤ ፍለጋውም ከስም ይጀምራል። ላፕቶፕ ላይ የተለጠፈው ምልክት አይታመንም፤ ተለጣፊ ነውና ይለጠፋል፥ ይነሣል። እውነተኛው መታወቂያ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ሃርድዌር አይዲስ» በሚለው ዝርዝር ይገኛል። «ቬን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ 8086 ካለ ካርዱ የኢንቴል ነው (ቁጥሩ የ1978 እ.ኤ.አ. ታዋቂ ፕሮሰሰሩ ስም መሆኑን የሙያው ሰው አይስተውም)፤ 1002 ካለ የኤኤምዲ፥ 10 ብሎ «ዲ ኢ» ካለ የኤንቪዲያ ነው። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች ሞዴሉን ይገልጻሉ። ሁለት ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች አሉና ሁለቱንም መመዝገብ ይገባል። ይህች አንዲት መስመር በወረቀት ተጽፋ ወደ ጎንደር ለሚሄድ ሰው ብትሰጥ፥ ኮምፒዩተሩን ራሱን ከማጓጓዝ ታድናለች።

መስመር በሚኖርበት ቀን የዋይፋይ ድራይቨር መጥፋት እንቅፋት አይሆንም። ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ተሰክቶ ኢንተርኔቱን እንዲያካፍል ሲደረግ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል። ዳሩ ግን እንደ ተራ የኬብል መስመር ስለሚቆጥረው የራሱን ማሻሻያዎች ማውረድ ይጀምርና ጥቅሉን ይጨርሰዋል፤ አስቀድሞ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ምንጫቸው ያልታወቀ የድራይቨር ጥርቅሞች ከድራይቨሩ ጋር ቫይረስ ሊያስገቡ ስለሚችሉ፥ ከአምራቹ ገጽ ያልመጣ ነገር አለመጫን ይሻላል።

ትክክለኛው ፋይል ተገኝቶም መጫኑ እምቢ ሊል ይችላል። «ለዚህ ኮምፒዩተር አልተረጋገጠም» የሚል የኢንቴል መልእክት ከመጣ፥ የላፕቶፑ ሠሪ ለምሳሌ ዴል ወይም ኤችፒ ለዚያው ሞዴል ያወጣውን ድራይቨር መፈለግ ነው። የቀድሞው ድራይቨር ቅሪት ሲያስቸግር በሴፍ ሞድ ገብቶ ማጽዳት ይረዳል። ለወራት ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ የቆየ ዴስክቶፕ የሰዓት ባትሪው ደክሞ ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ ይገኛል፤ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ የአምራቾቹ ገጽ አይከፈትም፥ የዊንዶውስ ማሻሻያም አይወርድም። ባለ 3 ቮልቷን ሳንቲም መሰል ባትሪ መለወጥ በቂ ነው።

የስሕተት ቁጥሮቹንም ለይቶ ማንበብ ይገባል። 28 ሲል ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። 43 ሲል ግን ካርዱ ራሱ ችግር እንዳለበት ስለ አስታወቀ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው፤ ምክንያቱ ድራይቨርም አካልም ሊሆን ይችላል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ በሚያልፍበት ወቅት፥ ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ካርድ ጠዋት ደኅና ሠርቶ ከቀትር በኋላ መስመር መስመር ምስል ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ ገና ሳይነሣ በባዮሱ ገጽ ላይ ምስሉ ከተበላሸ ድራይቨሩ ከደሙ ንጹሕ ነው።

በመጨረሻም ድራይቨር ጨርሶ የሌለበት ሁኔታ አለ። ኢንቴል በ2011 እ.ኤ.አ. ላወጣው ለሁለተኛው ትውልድ የኮር ፕሮሰሰር ግራፊክስ የዊንዶውስ 10 ድራይቨር በይፋ አላዘጋጀም፤ የሚገኘው ማይክሮሶፍት በራሱ ማሻሻያ በኩል የሚሰጠው ነው። ኤንቪዲያም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለ32 ቢት ዊንዶውስ አዲስ የድራይቨር ትውልድ ማውጣቱን አቁሟል። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም፥ ዊንዶውስ 10ም ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ መደበኛ ድጋፋቸው አብቅቷል። ይህ ለባለቤቱ የሚነገረው ገንዘብ ከመቀበል በፊት ነው። ለእንዲህ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ሊኑክስ አንድ አማራጭ ይሆናል፤ የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር በራሱ በከርነሉ ውስጥ ስላለ ለብቻው የሚወርድ ነገር የለም። ዲስኩ ሳይነካ ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል፤ ስክሪኑም በዚያ ሙከራ በሙሉ ጥራቱ ከበራ፥ «ተቃጥሏል» የተባለው ካርድ በሕይወት እንዳለ ባለቤቱ እዚያው ቆሞ በዓይኑ ያያል።