ስለ ቀዩ ፍሬ ቁጥቋጦና በእጄ ስለ ቆረጥሁት ወንዴ ፓፓያ

የዛሬውን ወጌን የምጀምረው ባሕር ማዶ ከምትኖረው ታናሽ እኅቴ በደረሰኝ ደብዳቤ ነው። እኅቴ በአሜሪካ አገር፥ በሜሪላንድ ግዛት፥ ብዙ ወገኖቻችን በሰፈሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ትንሽ ቤት ገዝታ፥ ከበሯ ግራና ቀኝ አራት ቁጥቋጦዎች ተክላ ነበር። የተክሉ ስም በአገሩ ቋንቋ ዊንተርቤሪ ይባላል፤ የክረምት ፍሬ እንደ ማለት ነው። ሆኖም ክረምት የሚሉት እኛ ዝናቡንና ጭቃውን የምናስብበትን ወራት ሳይሆን፥ ምድር በውርጭና በበረዶ የምትታሰርበትን፥ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው። በዚያ ወራት የዕፀዋት ሁሉ ቅጠል ረግፎ ዓለሙ ዐመድ ሲመስል፥ ይህ ቁጥቋጦ ቅጠሉን ጥሎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ዛጎል ዶቃ የተደረደረ ደማቅ ቀይ ፍሬ ይዞ ይቆማል። እኅቴም የተከለችው ይህን ለማየት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ውኃ ሳታጓድል፥ ፍግ ሳትነፍግ፥ አረሙን እየነቀለች ጠበቀች፤ ቁጥቋጦው ለመለመ፥ አበባም አበበ፤ ፍሬ ግን አንድም አልታየበትም።

በመጨረሻ አንድ አትክልት ዐዋቂ ሽማግሌ ጎረቤቷ አበባውን አገላብጠው ተመልክተው፥ «ልጄ፥ አራቱም ሴቴ ናቸው፤ በአቅራቢያው ወንዴ የለም» አሏት። በማግሥቱ ዓመት አንድ ወንዴ ተክል ከአጥሩ ጥግ ቆመ፤ በዚያው ዓመት አራቱም ሴቴዎች ቀሉ።

ሊቃውንት ኢሌክስ ቨርቲሲላታ ብለው የሚጠሩት ይህ ተክል የሰሜን አሜሪካ የምሥራቁ ክፍል ተወላጅ ሲሆን፥ ከካናዳ ጀምሮ እስከ ደቡቡ ድረስ በረግረግና በወንዝ ዳር ይበቅላል፤ ቁመቱም ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። ወንዴው ለብቻው፥ ሴቴዋ ለብቻዋ ናቸው። አበባቸው ነጭና እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ የማያውቅ ሰው ልብ ሳይለው ያልፈዋል፤ ነገር ግን ንቦች ያውቁታል፥ የወንዴውንም ብናኝ ወደ ሴቴዋ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። አንድ ወንዴ ከአምስት እስከ ዐሥር ለሚደርሱ ሴቴዎች ይበቃል፥ ርቀቱም ከ15 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። አትክልተኛው ከዚህ ሌላ የሚጠነቀቅበት ነገር የሁለቱ አበባ በአንድ ሳምንት መገናኘቱ ነው፤ ስለዚህም ችግኝ ሻጮቹ ፈጥና ለምታብበው ሬድ ስፕራይት ለተባለችው ሴቴ ጂም ዳንዲ የተባለውን ወንዴ፥ ዘግይታ ለምታብበው ዊንተር ሬድ ደግሞ ሳውዘርን ጀንትልማን የተባለውን ይሰጣሉ። ጊዜያቸው ካልገጠመ ጎን ለጎን ቆመውም አይተዋወቁም። ከዚህ በቀር እንክብካቤው ቀላል ነው፤ ሥሩ እንዳይደርቅ በጉዝጓዝ መሸፈን፥ ያረጀውን ግንድ ብርዱ ሲያልፍ፥ ቅጠል ሳይወጣ ከሥር መቁረጥ፥ አፈሩም ወደ አሲድ ያደላ እንዲሆን መትጋት ነው። ፍሬው የወፎች ምግብ ነው እንጂ ለሰው አይበላም፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ማወቅ ይገባዋል።

እኅቴ ደስታዋ ገንፍሎ፥ «ዘሩን ልላክልህና በእናታችን ግቢ ትከለው» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም መልሱን ለመጻፍ ብዙ ቀን አሰብሁ። የእናታችን ግቢ የሚገኝባት ድሬዳዋ የተመሠረተችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት አስቸግሮት ከግርጌው ባረፈ ጊዜ ነው፤ ከባሕር ጠለል ያላት ከፍታም 1200 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ውርጭ የሚባለውን ነገር አታውቅም። ያ ቁጥቋጦ ግን ብርዱን ካልቀመሰ ዕረፍት አያገኝም፤ ዕረፍት ካላገኘም በወጉ አያብብም። አፈራችንም ቢሆን ኖራ የበዛበት ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ በከተማችን የተተከለው በዙሪያዋ ያለው ዓለት የኖራ ድንጋይ ስለ ሆነ ነው፥ የሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶች ውኃም በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። አሲድ የሚወድ ተክል በእንዲህ ያለ አፈርና በእንዲህ ያለ ውኃ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ኋላም ይሞታል። ፍጥረትን ከባሕርይዋ ውጭ በግድ ማኖር ለእርሷ ሥቃይ ነውና፥ «እኅቴ ሆይ፥ ዘሩን አትላኪ» ብዬ መለስሁላት።

ነገር ግን ያልነገርኋት አንድ ነገር ነበር። የዚህ ቁጥቋጦ ወገን በአገራችንም ይገኛል። ምስር ገንፎ የምንለው፥ በደጋው ጫካ በምንጭና በወንዝ ዳር የሚቆመው ዛፍ የእርሱ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ድረስ ይደርሳል። እርሱም አበባው ነጭ፥ ፍሬው ቀይ ነው፤ ወንዴውና ሴቴውም እንደዚያው የተለያዩ ናቸው። ቅጠሉ ግን አይረግፍም፥ በእኛ ደጋ የሚረግፍበት ምክንያት የለምና። የእርሻና የደን ባለሙያዎቻችን ይህን ዛፍ በደጋ ከተሞች ግቢ ቢያስተክሉት እጅግ ደስ ይለኛል፤ ለድሬዳዋ ቆላ ግን እርሱም አይሆንም።

ታዲያ የእኅቴ ደብዳቤ ልቤን የነካው በሌላ ምክንያት ነው። በእናታችን ግቢ፥ ከዚራ ከተባለው ሰፈር አጠገብ፥ አምስት የፓፓያ ዛፎች ነበሩ። አራቱ አበባቸው ከግንዳቸው ተጣብቆ የሚወጣና ክብ ክብ ፍሬ የሚያፈሩ ነበሩ፤ አምስተኛው ግን አበባውን በረጅም ዘንግ ላይ እንደ ጥልፍ እያንጠለጠለ በየምሽቱ ደስ የሚል ሽታ ይሰጥ ነበር እንጂ ፍሬ አልነበረውም። እኔም «ይህ ዛፍ ውኃችንን በከንቱ ይጠጣል» ብዬ አንድ ቅዳሜ በመጥረቢያ ጣልሁት። እናቴ ያን ቀን ወደ ቀፊራ ገበያ ሄዳ ስለ ነበር የሚከለክለኝ አልነበረም። በሌሎቹ ዛፎች ላይ የነበረው ፍሬ በየተራው ይበስል ስለ ነበር ጥፋቴን ለብዙ ወራት አላወቅሁትም፤ ከዚያ ግን አዲስ የወጣው ጮርቃ ሁሉ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ፥ ያልረገፈውም ዘር የሌለው፥ ትንሽና ጣዕም የጎደለው ሆነ። እናቴ በየጠዋቱ የረገፈውን ጮርቃ በመጥረጊያ ስታከማች እያየሁ ዝም አልሁ። ያደረግሁት ምን እንደ ሆነ የተረዳሁት የሲልቨር ስፕሪንግ ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን ነው።

አድማጮቼ፥ በየግቢያችሁ ፓፓያ ያላችሁ ሁሉ ይህን አድምጡኝ። ከዘር የበቀለው ፓፓያ ወንዴ ይሁን ሴቴ አበባው እስኪወጣ ድረስ አይታወቅም፤ ይህም ከተዘራ በኋላ አምስት ወይም ስድስት ወር፥ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክሎ፥ አበባው ሲታይ አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን መንቀል ይገባል፤ ሲነቀልም ለዐሥር፥ ቢበዛ ለሃያ ሴቴ አንድ ወንዴ መቅረት አለበት። ወንዴና ሴቴ በአንድ አበባ የተዋሐዱበት ረዘም ያለ ፍሬ የሚሰጥ ዓይነትም አለ፤ እርሱ ያለው ሰው ከዚህ ሐሳብ ነጻ ነው፥ ነገር ግን ሙቀቱ ሲበረታ እርሱም የወንድነቱ ወይም የሴትነቱ ጠባይ ይዛባበታል። ፓፓያ ውኃ ይወዳል፥ የቆመ ውኃ ግን ይገድለዋል፤ ሁለት ቀን ሥሩ በውኃ ተውጦ ካደረ መበስበስ ይጀምራል። ስለዚህ የጉድጓዱን አፈር ከፍ አድርጎ፥ ፍግና ብስባሽ ቀላቅሎ፥ በነሐሴ ዝናብ ጎርፍ በማይተኛበት ስፍራ መትከል ነው።

ይህ የዕፀዋት ወንዴና ሴቴ ምስጢር ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። የባቢሎን ምድር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የወንዴውን ቴምር አበባ ቆርጠው በሴቴው ላይ በእጃቸው ይነሰንሱ ነበር። ነገሩን በፈተና ያረጋገጠው ግን ሩዶልፍ ካሜራርዩስ የተባለ የቱቢንገን ሊቅ ነው፤ እርሱም በ1694 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፉ፥ ዕፀዋትም ወንዴና ሴቴ እንዳላቸው አስረዳ። ከወንዴ ርቃ የቆመችው ሴቴ የሰጠችው ፍሬ ዘር አልባ እንደ ሆነ በዐይኑ አይቶ ነበር። የእኛ አባቶችም ኮሶን ሴቴና ወንዴ ብለው ለይተው፥ ለመድኃኒት የሚሆነው ቀዩ የሴቴዋ አበባ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዕውቀት አጠገቤ አስቀምጬ መጥረቢያ አነሣሁ።

አሁን በእናቴ ግቢ፥ ያ ወንዴ ከቆመበት ጉቶ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፥ ሦስት ችግኝ በአንድ ጉድጓድ ቆሞአል። ጎረቤታችንም በግንቡ ወዲያ ሁለት ሴቴ ፓፓያ ስላላቸው፥ እኔ የምጠብቀውን እርሳቸውም ይጠብቃሉ፤ ሲገናኙን ሰላምታውን ሳይጨርሱ «አበበ ወይ?» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ማታ፥ የቀኑ ሙቀት ሲበርድ እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ጠራችኝ፤ ከሦስቱ አንደኛው ቀጭን ዘንግ አውጥቶ፥ በጫፉ ላይ ገና ያልፈነዳ እንቡጥ ይዞአል። ሌሊት በራሪ የእሳት እራቶች ሽታውን ተከትለው የሚመጡት እንቡጡ ሲፈነዳ ነው። እናቴ ዘንጉን በጣቷ ሳትነካ፥ በባትሪ ብርሃን ብቻ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያም መጥረቢያውን ከጓዳው አውጥታ ለጎረቤታችን እንድሰጣቸው አዘዘችኝ።