«አዋርድ» ሲሉን ሽልማት መሰለን

(በቅዳሜው የወጣቶች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ላልመጣችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

 

ዛሬ ከኔ የለመዳችሁትን አትጠብቁ። ስለ ሰልፍ አላወራም፣ ስለ ታሪካችንም አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ማርች ገብቷል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላችሁ ልጆች ኢሜይላችሁን በቀን አሥር ጊዜ እንደምትከፍቱ አውቃለሁ። እኔም ከፍቼዋለሁ። የኔን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወደ ሕጉ እንገባለን።

የኔ ደብዳቤ ከላይ «ፋይናንሻል ኤይድ አዋርድ» ይላል። አባቴ የዚያን ጊዜ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፤ ማታ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «አንብብልኝ» አለኝ። መቼም በኛ ቤት ልጅ ማለት አስተርጓሚ ማለት ነው። የሐኪም ቤቱን ወረቀት፣ የመብራቱን፣ የኢሚግሬሽኑን፣ ሁሉንም የምናነበው እኛ ነን። እንግዲህ «አዋርድ» ምንድነው? ሽልማት። እኔም ሽልማት ብዬ ተረጎምኩለት። ከታች ስድስት መስመር አለ፤ ስድስቱ ሲደመሩ ከዓመቱ ወጪ ጋር እኩል ይመጣሉ። የሚቀር፦ ዜሮ። አባቴ ስልኩን አነሳ። ዳላስ ላለው አጎቴ፣ ደሴ ላለችው አክስቴ፣ ለዕድሩ ሰብሳቢ ሳይቀር ደወለ። «ልጁን ሙሉ በሙሉ ሸለሙት!» እናቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ተጠራ።

ከስድስቱ መስመር ስጦታ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ ሠርቼ የማገኘው የግቢ ሥራ ነው። ሁለቱ በኔ ስም የተወሰዱ ብድሮች። የመጨረሻውና ትልቁ መስመር «ፔረንት ፕላስ» ይላል፤ በአባቴ ስም የሚወሰድ ብድር ማለት ነው። የፈረመው እኔው ኮምፒውተሩን ይዤለት «እዚህ ጋ ተጫን፣ አሁን እዚህ» ብዬው ነው። ክፍያው እስክመረቅ ተራዝሞ ቆየ። ተመርቄ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ቢሉ መጣ፣ በሱ ስም። አልተቆጣኝም። «አንተ እኮ ነህ ያነበብክልኝ» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሸት ነው እንዳልል፣ ደብዳቤው ላይ «ሎን» የሚል ቃል በትንሹ ተጽፏል። ግን እንዲህ አድርጎ መጻፍን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያኔ አልነበረም። አሁንም የለም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሕጉ ከየት መጣ? በአጭሩ ልለፈው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ቴክሳስ ውስጥ ሳን ማርኮስ ሄደው፣ ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ፈረሙት። በ1972 ዛሬ ፔል ግራንት የምንለው ስጦታ ተጨመረ። ፔል አይመለስም፣ ዕዳ አይደለም፤ ጣሪያው አሁን በዓመት 7,395 ዶላር ነው። በ2008 ደግሞ ኮንግረስ ኮሌጆችን «ዋጋችሁን ደብቃችኋል» አላቸው። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ እንዲያኖር አዘዘ፤ እስከ ኦክቶበር 2011 ድረስ ጊዜ ሰጣቸው። ይህ ማስያ ዛሬም አለ። «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» ብላችሁ ከኮሌጁ ስም ጋር ፈልጉት። ከማመልከታችሁ በፊት፣ የአባታችሁን ገቢ አስገብታችሁ፣ በግምት ስንት እንደሚያስከፍላችሁ ይነግራችኋል። ስንቶቻችን ተጠቅመንበታል? እጅ አውጡ እስኪ። ይኸው!

ከዚያ በዲሴምበር 2020 ፋፍሳን የሚያቀል ሕግ ወጣ። ከመቶ በላይ የነበረው ጥያቄ በጣም ቀነሰ፣ የታክስ መረጃውም በቀጥታ ከአይ.አር.ኤስ. እንዲመጣ ተደረገ። ጥሩ ነው። ግን ሥራ ላይ ሲውል፣ በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ፣ ምን እንደተፈጠረ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅ ያላቸው ልጆች ፎርሙን መጨረስ አቅቷቸው ወራት አለፉ። ልጁ እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው፤ ኮምፒውተሩ እናቱን አላውቃትም ይላል። አሁን ተስተካክሏል፤ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ሌላም ነገር ተለወጠ፦ ድሮ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ካለ የቤተሰቡ አቅም ለሁለት ይካፈል ነበር። ያ ቀረ። አራት አምስት ልጅ ላለው የኛ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ ሕግ ብዙ ነገር ነክቷል፤ ዜና ላይ ስለ ታክሱና ስለ ሜዲኬይዱ ሰምታችኋል። የተማሪውን ክፍል ግን የሚያወራው የለም። አብዛኛው ከጁላይ 1 ቀን 2026 ይጀምራል። ማለትም ዘንድሮ ለምትገቡት ለእናንተ።

ፔረንት ፕላስ ድሮ ጣሪያ አልነበረውም፤ ኮሌጁ የጠየቀውን ያህል ወላጅ ይበደር ነበር። አሁን ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ሆኗል። «ጎሽ፣ አባቶቻችን ዕዳ ውስጥ አይሰምጡም» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን እስኪ እንደምረው። አባት በየዓመቱ ሙሉውን 20 ሺህ ወሰደ። ሦስት ዓመት፣ ስልሳ ሺህ። በአራተኛው ዓመት የሚቀረው አምስት ሺህ ብቻ ነው! ሦስት ዓመት ተምራችሁ፣ ስልሳ ሺህ ዕዳ ይዛችሁ፣ ዲግሪ ሳትይዙ በር ላይ ልትቆሙ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤ ይህን አይነግራችሁም። እሱ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ነው፤ የሚቀር፦ ዜሮ።

ሌላው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚወሰድ ፔረንት ፕላስ በገቢ ልክ የመክፈል መብት የለውም። የተቆረጠውን ወርኃዊ ክፍያ መክፈል ብቻ ነው። አባት ሥራ ቢያጣ፣ ጀርባውን ቢያመው፣ ቢሉ አይቀንስም። የዘንድሮው ወለድ 8.94 በመቶ ነው፤ ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ይቆጥራል፤ ገና ሲሰጥም ከ4 በመቶ በላይ ከላዩ ይቆረጣል። ቀድሞውኑ ኮሌጅ ገብታችሁ ከጁላይ በፊት ብድር የወሰዳችሁ በአሮጌው ጣሪያ ቢበዛ ሦስት ዓመት ትቀጥላላችሁ፤ እናንተ አትደንግጡ።

ጣሪያው ሲሞላ ምን ይመጣል? የግል ባንክ። ባንኩ ደግሞ አብሮ ፈራሚ ይላል። ከዚያ «ጋሼ፣ ክሬዲትዎ ጥሩ ነው አሉ፣ ይፈርሙልኝ» ይጀመራል። ይህች ነገር በኛ ማኅበረሰብ ስንት ዝምድና እንደምታፈርስ አስቡት። እኛ እኮ እቁብ ለመግባት ሰብሳቢው ማን እንደሆነ፣ ዋስ ማን እንደሆነ ሦስት ጊዜ የምናጣራ ሰዎች ነን። ሃያ ሺህ ዶላር ላይ ሲደርስ ግን በስልክ እንፈርማለን! ለማንኛውም ይህን እወቁ፦ የግል የተማሪ ብድር ከጸደቀላችሁ በኋላ አስባችሁ ለመቀበል 30 ቀን አላችሁ፤ ከተቀበላችሁ በኋላም የመጨረሻው ወረቀት ሲሰጣችሁ ለመሰረዝ 3 የሥራ ቀን አላችሁ። «ዛሬ ካልፈረምክ ያልፍሃል» የሚላችሁን አትስሙት።

በራሳችሁ ስም የሚወሰደው አልተለወጠም፤ የመጀመሪያ ዓመት 5,500፣ ሁለተኛ 6,500፣ ከዚያ በኋላ 7,500። የተለወጠው ግማሽ ጊዜ ለሚማረው ነው፤ ክሬዲት በቀነሳችሁ ቁጥር የብድሩ ጣሪያም አብሮ ይቀንሳል። ማታ ኡበር እየነዳችሁ ቀን ሁለት ኮርስ የምትወስዱ፣ ይህ እናንተን ነው።

ማስተርስ የምታስቡ ደግሞ፣ ግራድ ፕላስ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000። ፕሮፌሽናል ለሚባሉት በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000። ፕሮፌሽናል ማን ነው? የትምህርት ሚኒስቴሩ ባወጣው ረቂቅ ደንብ ሕክምና አለ፣ ሕግ አለ፣ ፋርማሲ አለ። ነርሲንግ የለም! የእህቶቻችን ግማሽ በነርሲንግ አይደል እንዴ የቆመው? ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ያቀዳችሁ፣ የፕሮግራሙን ሙሉ ዋጋ ከመቶ ሺህ ጋር አስተያዩት፤ ዛሬ ማታ።

ሁሉም መጥፎ ነው አልልም። ቤተሰቡ ምግብ ቤት ወይም ማርኬት ያለው ልጅ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ፋፍሳ ያንን ንግድ እንደ ሀብት ይቆጥርበት ነበር። እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ ሸጠህ ተማር እንደማለት ነው። ከ2026–27 ፎርም ጀምሮ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛው ከ100 ያልበለጠ የቤተሰብ ንግድ አይቆጠርም። ይህን ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ብዙዎቹ «እኛን አይመለከትም» ብለው ፋፍሳ መሙላት ትተዋል።

ደግሞ አጭር የሙያ ሥልጠና፣ ከ8 ሳምንት ጀምሮ ከ15 ሳምንት ያነሰ፣ በፔል መማር ይቻላል። ሥልጠናው በክልሉ ገዥ መጽደቅ አለበት፤ ከሰልጣኞቹ ቢያንስ 70 በመቶው መጨረስ፣ ቢያንስ 70 በመቶውም ሥራ መያዝ አለባቸው። መደበኛው ፔል ባችለር ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ይህኛው ግን ይሰጣል፣ ማስተርስ እስከሌለው ድረስ። በዲቪ የመጣው የአጎታችሁ ልጅ፣ አገር ቤት በዲግሪ ተመርቆ እዚህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያነሳው፣ ግሪን ካርድ አለው አይደል? ለሱ ደውሉለት። ቲ.ፒ.ኤስ. ያለውና የጥገኝነት ማመልከቻው ያልተወሰነለት ግን በፌዴራሉ አይታቀፍም፤ እሱ የክልሉን ሕግ መጠየቅ አለበት።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። ይህ ሁሉ ሕግ ሲወጣ ደብዳቤውን ማንም አልነካውም። ጂ.ኤ.ኦ. የሚባለው የኮንግረስ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2022 የኮሌጆችን ደብዳቤ ሰብስቦ አየ። 91 በመቶ የሚሆኑት ኮሌጆች የተጣራውን ዋጋ ወይ ጭራሽ አይጽፉም፣ ወይ አሳንሰው ይጽፋሉ። ከመቶ ዘጠና አንድ! ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጽ ይጻፍ የሚል ረቂቅ ሕግ ኮንግረስ ውስጥ በተደጋጋሚ ቀርቧል፤ አላለፈም። በፈቃዳቸው እንጽፋለን ያሉ ኮሌጆች አሉ፣ ይመስገኑ። የቀረውን የሚያነበው ግን ያው የቤቱ አስተርጓሚ ነው።

ስለዚህ እንዴት ታነቡታላችሁ? ምሳሌ ልስጣችሁ። የዓመቱ ወጪ፣ ዶርምና ምግብን ጨምሮ፣ 34,000 ነው እንበል። ፔል 7,395። የኮሌጁ ስጦታ 6,000። በቃ፣ እዚህ ጋ ቁሙ! ሌላውን መስመር በእጃችሁ ሸፍኑት። የሚቀረው 20,605 ነው፤ ዋጋችሁ ይህ ነው። ደብዳቤው ግን 5,500 የእናንተን ብድር፣ 15,105 የአባታችሁን ብድር ጨምሮ «ዜሮ» ይላል። በአራት ዓመት 82,420፣ ወለዱ ሳይቆጠር፣ ዋጋው ሳይጨምር። ለወላጆቻችሁ የምታነቡላቸው ይህን ቁጥር ነው። «ሽልማት» አትበሉ፤ ስጦታውን ስጦታ፣ ብድሩን ብድር በሉት፣ በማን ስም እንደሆነም ጨምራችሁ።

ካነሰባችሁ ይግባኝ አለ። አባት ሥራ ቀንሶ ከሆነ፣ የሕክምና ወጪ ካለ፣ ለኤይድ ቢሮው ጻፉ። የ2020ው ሕግ ኮሌጆች ጥያቄውን ሁሉ በጅምላ አንቀበልም እንዳይሉ ከልክሏል። ፎርሙ ላይ ለአያቶቻችን በየወሩ የምንልከው ገንዘብ የሚጻፍበት ሳጥን የለም፤ በደብዳቤ ማስረዳት ግን ትችላላችሁ፣ ከደረሰኝ ጋር። እሺ ይላሉ አልላችሁም። መጠየቅ ግን ነውር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚቆጣ ይቆጣ። «የእገሌ ልጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ» ሲባል ፊታችን የሚጠቁረው ለምንድነው? ሁለት ዓመት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ ተምሮ፣ ከቤት እየተመላለሰ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ልጅ ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። የኔ ታናሽ እህት ያደረገችው እንደዚያ ነው። ደብዳቤዋ ሲመጣ አባቴ መነጽሩን አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ «ቆይ፣ ይቺ ሎን የምትለዋ የት አለች?» ብሎ በጣቱ እየተከተለ።

ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ስልካችሁን ለካልኩሌተር አውጡ። ወላጅ ይዞ የመጣ ካለ ቅድሚያ ለሱ ነው።