ከቡና ልጣጭ ዘይት ይወጣል ወይ?



በአማን ዙሪያ እሸት ቡና በሚፈለፈልበት ሰሞን ልጣጩ ተከምሮ ይሸታል፤ እጣቢው ወንዝ ይገባል። ያንኑ ውኃ እኛ እንቀዳለን። ስለዚህ «ልጣጩን በእርሾ ዘይት እናድርገው፣ ቁጠባችንንም እናውጣበት» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ በደንብ መከርንበት።

ነገሩ ውሸት አይደለም። የጠላችን እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮል ያወጣል፤ ጠምቃ የማታውቅ የለችም። ሊፖማይሲስ የሚባለው እርሾ ግን ስኳር ተትረፍርፎለት ናይትሮጅን ሲያጥረው እንደ ሙክት ይሰባል። ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በላይ ዘይት የሚይዙ ዓይነቶች አሉ። ጀርመኖችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቅባት ሲያጥራቸው በእርሾ ሞክረውታል።

ችግሩ ጋን አይበቃውም። አየር የሚነፋበት ንጹሕ ዝግ በርሜል ይፈልጋል፤ በልጣጩ ያለው ካፌይንና ታኒን እርሾውን ያዳክመዋል፤ ዘይቱን ለማውጣትም እርሾውን ሰብሮ በኬሚካል ማጠብ ያስፈልጋል። ያ ዘይት ሳይመረመር ወጥ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ የቁጠባችንን ገንዘብ አንነካም። ለጋሾቻችንን የምንጠይቀው የማሽን መግዣ ሳይሆን የሙከራ ወጪ ብቻ ነው፤ ሙከራውን ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ እንዲሠራልን እናመለክታለን፤ ልጣጩን እኛ አድርቀን እናቀርባለን። እስከዚያው ከወንዙ አርቀን ከእበት ጋር ኮምፖስት እናደርገዋለን።